ያጨበጨቡልኝ ቀን

በልጅነቴ ከአባቴ ቀጥሎ በዓለም ላይ የምወደው ሰው ዱዌይን ክራውዝ ነበር። ይህን ስናገር ዛሬም አፌን ይመረኛል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

ሚስተር ክራውዝ በኔብራስካ፣ በዌልደን ከተማችን ዘርና ማዳበሪያ ይሸጥ ነበር። ትከሻው በር የሚሞላ፣ ሲስቅ ሆዱ ቀድሞት የሚስቅ ሰው ነው። ፒክአፑ ውስጥ ሬዲዮው ተዘግቶ አያውቅም፤ ሬዲዮው ውስጥ ደግሞ አንድ ሰው ሁልጊዜ ይጮኻል። ምን እንደሚል አይገባኝም፤ ብቻ እንደዚያ ተናዶ ቀኑን ሙሉ የሚያወራ ሰው መቼ ምሳውን እንደሚበላ ይገርመኝ ነበር።

«ሊን! ዛሬስ ማንን አስለቀስሽ?» ይለኛል መንገድ ላይ ሲያገኘኝ።

«ማንንም!»

«ውሸታም። ፊትሽ ላይ ተጽፏል» ይልና ከኪሱ ከረሜላ ያወጣል።

አባቴ ኦርቪል ኔልስታድ የከተማው ብቸኛ ፋርማሲስት ነበር፤ ለአሥራ ስድስት ዓመት ደግሞ የካውንቲያችን፣ ማለት የወረዳችን፣ የሪፐብሊካን ፓርቲ ሊቀመንበር። ቀጭን፣ ክራባቱን ቅዳሜም የማይፈታ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከዜማው እየወጣ በሙሉ ድምፁ የሚዘምር ሰው። ለዴሞክራቶቹ ሊቀመንበር በየገናው ኬክ ይልክላት ነበር። ከክፍል የወጣ ሰው ሁሉ መብራት እንዲያጠፋ ይቆጣል። ሰዎች «ኦርቪል እውነተኛ ወግ አጥባቂ ነው» ሲሉ እሰማ ስለነበር ወግ አጥባቂ ማለት መብራት የሚያጠፋ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ሰኞ ሰኞ ከሥራ በኋላ ስድስት ሰባት ሰዎች ከፋርማሲው ጀርባ፣ በሳል ሽሮፕ ካርቶኖች መሀል ይሰበሰባሉ። እናቴ አርዲስ የፖም ፓይ ትቆርሳለች። እኔ የድሮው የሰው ሚዛን ላይ ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ። «መንግሥት እጁን ከኪሳችን ያውጣ» ይላሉ ሁልጊዜ። መንግሥት የሚባል አንድ ኪስ አውላቂ ከተማችን ውስጥ ያለ መስሎኝ የኮቴን ኪስ አጥብቄ እይዝ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1994 መጀመሪያ፣ በብርዱ ወራት፣ ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ፣ የሰኞው ወሬ ተቀየረ። ከከተማው ዳር ትልቅ የሥጋ ማሸጊያ ፋብሪካ ከተከፈተ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። ሠራተኞቹ ከሜክሲኮና ከጓቲማላ መጥተው ባቡር ሐዲዱ አጠገብ ባሉት ተጎታች ቤቶች ይኖራሉ።

«ኦርቪል፣ ከተማው እየተወሰደብን ነው» አለ ሚስተር ክራውዝ አንድ ሰኞ። «አንተ ስለ ንብረት ግብር ታወራለህ።»

«ማን ወሰደው? ዛሬ ጠዋት ስመጣ እዚሁ ነበር» አለ አባቴ።

ሰዎቹ ሳቁ። ሚስተር ክራውዝ ግን ሹካውን አስቀመጠ።

«ቀልድ አንተ። ሰው ስለ በጀት ሊሰማ ሃያ ማይል መኪና አይነዳም። ሰው የሚመጣው ሲናደድ ነው።»

«ካልተናደደ የማይመጣ ሰው ቤቱ ይቀመጥ። ደግሞ ለእነዚያ ሰዎች ምሕረት የሰጠውን ሕግ የፈረመው የእኛው ፕሬዚዳንት ነው፤ ገና ስምንት ዓመቱ ነው። አንተም አጨብጭበሃል።»

«ያኔ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላ?»

እናቴ ፓይ ጨምራ አዞረች፣ ወሬውም ወደ ዝናብ ሄደ። እኔ የመሰለኝ ሁለቱ የተጣሉት ስለ መኪና መንዳት ነው።

በየካቲት አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ ልንቀመጥ ስንል ስልክ ጮኸ። የከተማው ሐኪም ነበር። አባቴ ሁለት ቃል አዳምጦ ኮቱን አነሳ። እኔ ገና ጫማዬን ስላላወለቅሁ ተከትዬው መኪና ውስጥ ገባሁ፤ ሂጂም ቅሪም አላለኝም።

ከፋርማሲው ጀርባ በር ላይ የፋብሪካውን ነጭ የጎማ ቦት የተጫማ ሰውና አንዲት ሴት ቆመዋል። ሰውዬው በብርድ ልብስ የጠቀለላትን ልጅ ታቅፏል። ብርድ ልብሱ ሲገለጥ ይሴኒያ ነበረች። ክፍላችን ውስጥ ከጎኔ የምትቀመጠዋ ይሴኒያ፣ ፈረስ ስትሥል ማንም የማያህላት። ከንፈሯ አመድ መስሏል። ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ያፏጫል፤ ከእያንዳንዱ ትንፋሽ ጋር አንገቷ ሥር ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል።

አባቴ የእሁድ ሱፉን እንደለበሰ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። የሚነፋውን የአስም መድኃኒት ከቱቦ ጋር ገጥሞ አፏ ላይ ያዘላትና በዚያ በኔብራስካ አፉ በስፓኒሽ መቁጠር ጀመረ። «ኡኖ... ዶስ... ትሬስ...» አራት ላይ ሲደርስ ጠፋበትና እንደገና ከአንድ ጀመረ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠፋበት ይሴኒያ በዚያ ጭንቋ መሀል ፈገግ ብላ «ኳትሮ» አለችው። እናቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። አባቴ አልጠየቃቸውም፤ ስማቸውንም፣ የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀታቸውንም። ትንፋሿ ሲመለስ መድኃኒቱን እጇ ላይ አስጨብጦ ሸኛቸው።

መኪና ውስጥ «ሊን፣ ዛሬ ያየሽውን ለማንም አታወሪም» አለኝ። «የታመመ ሰው ጉዳይ እዚያው ፋርማሲ ውስጥ ይቀራል። ገባሽ?»

«ገባኝ አባዬ።»

አልገባኝም። እኔ የገባኝ አባቴ እሁድ ቀን ሱቅ መክፈቱ ነው። በዚያው ጠዋት የሰንበት ትምህርት አስተማሪያችን በሰንበት እንጨት ሲለቅም ስለተገኘው ሰውዬ ነግራን ነበር፤ ከሰፈር አውጥተው በድንጋይ ወግረው ገደሉት። አባቴ ምስጢር ያዢ ያለኝ ይህንኑ ስለሚፈራ መሰለኝ። ሦስት ቀን እህል አልወርድልኝ አለ። ሥራ ሲሄድ በመስኮት ሆኜ መንገዱን እጠብቃለሁ፤ ድንጋይ የያዘ ሰው ካለ ብዬ።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሚስተር ክራውዝ ሱቁ በር ላይ ከፒክአፑ ጆንያ እያወረደ አገኘሁት። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነውና ኃጢአት ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም ብዬ አሰብኩ።

«ሚስተር ክራውዝ፣ አንድ ሰው እሁድ ቢሠራ እግዚአብሔር ይገድለዋል?»

ሳቀ። «ላሞቼ እሁድ የማይታለቡ መሰለሽ? ማን ነው የሠራው?»

እንባዬ መጣ። ጆንያውን አውርዶ ጎንበስ አለና እንባዬን በአውራ ጣቱ ጠረገልኝ።

«ለእኔማ ንገሪኝ። እኔና አባትሽ እኮ ወንድማማች ነን።»

ነገርኩት። ሁሉንም። ነጩን ቦት፣ ብርድ ልብሱን፣ ኡኖ ዶስ ትሬሱን። ሚስተር ክራውዝ ሬዲዮውን ዘጋ፤ ሲዘጋው ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

«ኃጢአት የለበትም አባትሽ» አለኝ ቀስ ብሎ። «አትጨነቂ። እነዚህ ሰዎች የት ነው የሚኖሩት? ምናልባት የሚጎድላቸው ነገር ይኖር ይሆናል።»

«ሐዲዱ ጋ፣ አረንጓዴው ተጎታች ቤት። በሩ ላይ የተሣለ ፈረስ አለ።»

«ጎበዝ። ሐቀኛ ልጅ ነሽ።»

ከረሜላውን በእፍኝ ሰጠኝ። ወደ ቤት ስሮጥ እግሬ መሬት አይነካም። አባቴን ከድንጋይ አዳንኩት።

በሳምንቱ ማክሰኞ የይሴኒያ ወንበር ባዶ ነበር። ረቡዕም። አስተማሪያችን «ቤተሰቦቿ ሄደዋል» አለችና ሒሳብ ቀጠለች። የት ነው የሄዱት ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ሰው ወደ ዴንቨር ይሄዳል፣ ወደ ኦማሃ ይሄዳል፤ የሄደች መሰለኝ። ያለ ወረቀት የሚኖሩ ስደተኞችን የሚይዙት የኢሚግሬሽን መኪናዎች ማክሰኞ ጠዋት ሐዲዱ ጋ መቆማቸውን ያወቅሁት ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ ነው። አባትየውን ከፋብሪካው በር፣ እናትና ልጇን ከቁርስ ላይ ወስደዋቸዋል።

በዚያው ሰሞን በመኪኖች መስታወት ላይ የአባቴ ስም የተጻፈበት ቢጫ ወረቀት ይለጠፍ ጀመር። እናቴ ከእኛ መኪና ላይ ገንጥላ ጨብጣ ኪሷ ከተተችው። ስልክ ይጮኻል፤ አንስታ «አርዲስ ነኝ» ትላለች፤ ከዚያ የሚናገረውን ሰው ሳታስጨርስ ትዘጋዋለች። አባቴን «ከሊቀመንበርነቱ ራስህን አግልል ኦርቪል። አመመኝ በል» ስትለው ሰማሁ።

«አላመመኝማ» አለ።

ታሟል ማለት ነው ብዬ ለጓደኞቼ አወራሁ።

የካውንቲው የፓርቲ ጉባኤ በመጋቢት፣ በትምህርት ቤታችን ጂምናዚየም ተደረገ። ሌላ ዓመት ሰባ ሰው ቢመጣ ነው። የዚያን ቀን ግን መቀመጫው ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አብዛኞቹን አይቻቸው አላውቅም። አዲሱን ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሼ ከእናቴ ጋር ፊት ለፊት ተቀመጥኩ፤ ይህ ሁሉ ሕዝብ ለአባቴ የመጣ መሰለኝ። ኮራሁ።

አባቴ ስለ ትምህርት ቤት ጣራና ስለ ድልድይ ጥገና አነበበ። ማንም አልሰማውም። ከዚያ ሚስተር ክራውዝ ማይክሮፎኑን ያዘ። ድምፁ ድምፁን አይመስልም፤ ሬዲዮው ውስጥ ያለውን ሰውዬ ይመስላል።

«አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ ለሊቀመንበራችን» አለ። «እኛ በራችንን ቆልፈን በምናድርበት ሰዓት፣ እሱ በጓሮ በሩ ለማን ነው የሚከፍተው?»

ጂምናዚየሙ ጮኸ። አባቴ እጁን አነሳ።

«ልጅቷ መተንፈስ አቅቷት ነበር ዱዌይን። ወረቀት ልጠይቃት ኖሯል?»

«አዎ!» አለ አንድ ሰው ከኋላ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። የሰኞ ሰው ነው፤ የእናቴን ፓይ ሁለት ጊዜ እየደገመ የሚበላ።

«ይህን የፈጠርኩት እኔ አይደለሁም» አለ ሚስተር ክራውዝ። «የሰማሁት ከገዛ ልጁ ነው። ልጆች አይዋሹም። የት አለሽ ሊን? ተነሺ እስቲ ማሬ።»

ስሜ በማይክሮፎን ሲጠራ የመጀመሪያዬ ነበር። እናቴ ክንዴን ያዘችኝ፤ ግን አምልጫት ብድግ አልኩ። ሕዝቡ አጨበጨበልኝ። ከላይ እስከ ታች አጨበጨበ፤ አንዳንዱ ያፏጫል። እኔ ቀሚሴን በሁለት እጄ ይዤ በባሌት ዳንስ ክፍል እንደተማርኩት እጅ ነሳሁ።

ያኔ አባቴን አየሁት። ፊቱ ነጭ ሆኗል። እኔን ሲያይ ግን ፈገግ አለ፣ እሱም አጨበጨበልኝ። ሦስት ጊዜ፣ ቀስ ብሎ፣ እኔን ብቻ እያየ። ደስ ብሎት መሰለኝ። ይህን መሰለኝን ኮሌጅ እስክገባ ተሸክሜዋለሁ።

በሠላሳ አንድ ለመቶ ሰማንያ ስምንት ድምፅ ተሸንፎ ወረደ። ሚስተር ክራውዝ ሊቀመንበር ሆነ። ትምህርት ቤት «አባዬ ሥራውን ለጓደኛው ሰጠው» ብዬ አወራሁ።

አባቴ ከዚያ በኋላ ወደ አንድም ስብሰባ አልሄደም። ሰው መድኃኒቱን ከሌላ ከተማ መግዛት ጀመረ፤ በሦስተኛው ዓመት ፋርማሲውን ሸጦ ሆስፒታል ተቀጠረ። ግን እስኪሞት ድረስ ያንኑ ፓርቲ መረጠ። ኮሌጅ ሆኜ እውነቱን ሳውቅ ጮኼበታለሁ።

«ከሰፈር አውጥተው ወገሩህ እኮ አባዬ! እንዴት ትመርጣቸዋለህ?»

«ፓርቲው የእነሱ አይደለም» አለኝ። «ይመለሳል።»

አልተመለሰም። በየምርጫው የባሰ መጣ። ቁጣ ምሱ ነውና ትናንት የጮኸውን ዛሬ ለስላሳ ነህ እያሉ አባረሩት። አባቴ ግን ሳሎን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ያ ትዕግሥቱ ያኔ ቅድስና ይመስለኝ ነበር።

ከሞተ በኋላ፣ ከእናቴ ጋር ጋራዡን ስናጸዳ፣ አንድ ካርቶን ሙሉ ያልተበተነ በራሪ ወረቀት አገኘሁ። የ1990 ነው፤ ፋብሪካው የተከፈተበት ዓመት። ፎቶው ፋብሪካው በር ላይ የተሰለፉ ጠይም ሰዎች ናቸው። ከላይ በትልቁ «ነገ ጎረቤትህ ማን ይሆናል?» ይላል። ከታች የአባቴ ፊርማ አለበት።

«ምንድን ነው ይኼ እማዬ?»

መነጽሯን አድርጋ አየችው። «የካውንቲ ምርጫ ነው። ልንሸነፍ ነበር። ሐሳቡ የዱዌይን ነው፤ የተየብኩት እኔ፤ አባትሽ ፈረመ።»

«አባዬ ይህን ያምንበት ነበር?»

«ኧረ የት! አንድ ጊዜ ብቻ ነው አለ። ከምርጫው በኋላ እንረሳዋለን አለ።»

«እና?»

«እናማ አሸነፍን።»

ካርቶኑን በእርግጫ መታሁት። እናቴ መነጽሯን አወለቀች። አባቴን እንዲያ ተናድጄበት አላውቅም፤ ሞቶም አልማርኩት። ያን ሕዝብ መጀመሪያ የጠራው እሱ ነው። በጨዋ ክራባቱ፣ በንጹሕ እጁ ፈርሞ። የተጠራው ሲመጣ ደግሞ እሱ የሚያውቀውን ወግ ይጠብቃል ብሎ አሰበ።

ባለፈው ዓመት በሰኔ፣ ትምህርት ሊዘጋ ሳምንት ሲቀረው፣ ሚስተር ክራውዝ እኔ ራሴ በተማርኩበት ትምህርት ቤት፣ የማስተምርበት ክፍል በር ላይ ቆመ። ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፤ ትከሻው አልቋል። የልጆች ወንበር ላይ ጉልበቱ አገጩን እስኪነካ ተቀመጠ። ወሬውን አስቀድሜ ሰምቻለሁ። የካውንቲው የምርጫ ቦርድ አባል ነበር፤ ፓርቲው ምርጫው ተጭበርብሯል እያለ እሱ «የመራጩን ድምፅ በእጄ ቆጥሬዋለሁ፣ ቆጠራው ትክክል ነው» ብሎ ስለመሰከረ የራሱ ፓርቲ ከሃዲ ብሎ አባሮታል። ጎማውን ቀደውበታል። የልጅ ልጁ አያናግረውም።

«አርባ ዓመት ለፋሁላቸው» አለኝ። «እነዚህ ወግ አጥባቂ አይደሉም ሊን። ምን እንደሆኑ እኔ እንጃ።»

«እርስዎ የሰበሰቧቸው ናቸው።»

«እንዲህ እንዲሆኑ አይደለም።» ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ። «አባትሽ ቢኖር ይገባው ነበር። ለጋዜጣው አንድ ደብዳቤ ብትጽፊልኝ... የኔልስታድ ስም አሁንም ይከበራል።»

«አባቴ ይጽፍልዎ ነበር» አልኩት። «እኔ ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ለኢሚግሬሽን የደወለው ማን ነው?»

«ለየትኛው?»

«ለይሴኒያ ቤተሰብ።»

«ለማን?»

እያሾፈ አልነበረም። ግንባሩን ቋጥሮ ያስባል። ከዚያ ትዝ አለው።

«አሃ፣ አንቺ የነገርሽኝ ሰዎች? እኔ ነኝ የደወልኩት። ሕግ ነው፤ ዛሬም ቢሆን እደውላለሁ። ስማቸውን ግን ያኔም አላውቅ። ማን ነበሩ?»

አፌን ከፈትኩ። «ይሴኒያ...» አልኩ። ቆምኩ። የአባቷ ስም የለኝም። የእናቷም። ይህን ታሪክ ለባሌ ነግሬዋለሁ፣ ለጓደኞቼ ነግሬያለሁ፣ ለተማሪዎቼ ሳይቀር ነግሬያለሁ፤ ሁሌም የምነግረው አባቴ ላይ የደረሰውን ነው። አባቴ ከወንበር ነው የወረደው። እነሱ ከቁርሳቸው ላይ ነው የተነሱት።

«አየሽ» አለኝ ሽማግሌው፣ በደግነት። «አንቺም አታውቂያቸውም።»

«ይውጡልኝ» አልኩት።

«ሊን...»

«ይውጡልኝ አልኩ እኮ!»

ወንበሩን ተደግፎ ተነሳ። አልረዳሁትም። ኮሪደሩን ጨርሶ የውጪው በር እስኪዘጋ ጠበቅሁና ወደ ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ወረድኩ። የየዓመቱ የክፍል ፎቶ እዚያ ተጠርዞ ተቀምጧል። የአራተኛ ክፍል ፎቶ የሚነሳው በመስከረም ነው፤ ስለዚህ ይሴኒያ ፎቶው ላይ አለች። ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ከእኔ ቀጥላ፣ ዓይኗን ከፀሐይ እየከለለች። ከሥሩ ስሞቹ በተርታ ታትመዋል። ጣቴን እያስኬድኩ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ቀና ብላ አየችኝ።

ይሴኒያ ባራሆና። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።